አያቴ ደብተር ላይ የተጻፉ የባቡር ወርክሾፕ ቃላት (ድሬዳዋ)፣ የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ

የከዚራ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አያቴ፣ የእናቴ አባት ማለት ነው፣ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ይሰሩ ነበር፣ ፈረንሳዮቹ አተልዬ የሚሉት ግቢ ውስጥ። እኔ ሳልወለድ ነው ያረፉት። ባለፈው ሳምንት እናቴ የድሮ ሳጥን ስታራግፍ ዘይት የጠጣ ደብተር አገኘች፣ በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ ፊደሉ አማርኛ ነው ግን ቃላቱ ግማሹ አማርኛ አይደለም። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ 1943 ይላል፣ መጨረሻው 1951 ነው። የተወሰነውን እንዳለ ልገልብጠው፦

«ባንዳጅ 2 ሞቆ ገባ። ቀዝቅዞ ያዘ።»
«ሬጉል ፈሰሰ። ነገ ይላጫል።»
«ቱብ 11 ተነቀለ። 9 ተተካ 2 ተደፈነ።»
«አራተኛው ደወል አልሰጠም። ወደ ውስጥ ተመለሰ።»
«ሻርቦን 8 ተቀየረ።»

እኔ ባንዳጅ ሲል የቁስል ማሰሪያ መስሎኝ ክሊኒክ ውስጥም ይሰሩ ነበር እንዴ ብዬ እናቴን ጠየቅኳት፣ ኧረ ብረት ነው የሚሰራው ነበር አለችኝ፣ ሌላ አታውቅም። ደወሉንማ የቤተክርስቲያን ደወል ነው ብዬ ነበር። አንድ ሰው ስምንት አመት ሙሉ በየቀኑ የሰራውን ሲጽፍ ኖሮ የገዛ ልጅ ልጁ አንድ መስመር ማንበብ አለመቻሉ በጣም ከብዶኛል። እዚያ የሰራ ወይም ቤተሰቡ የሰራ ካለ እባካችሁ ምን ማለት እንደሆነና እዚያ ግቢ ውስጥ በትክክል ምን ይሰራ እንደነበር ንገሩኝ።

ሀዲድና_ታሪክ

የቃላቱን ትርጉም የሚያውቅ እስኪመጣ ወርክሾፑ ለምን ድሬ ላይ እንደሆነ ልንገርህ፣ ደብተሩን ስታነብ ይጠቅምሃል። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ መሀንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 አመት ኮንሴሽን (መስመሩን ሰርቶ የማስተዳደር ፈቃድ) ሲሰጡ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ ሀረር ነበር የሚለው። ስራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሀረር ግን ተራራ ላይ ናት፣ ባቡሩን እዚያ ማውጣት ጊዜም ገንዘብም የሚበላ ስለሆነ ሀዲዱን ከተራራው ስር በሜዳው አሳለፉትና በታህሳስ 1895 ደረሰ፣ ቦታውንም አዲስ ሀረር አሉት። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ያቺ ናት። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ጣሊያንም ጭምር በመስመሩ ላይ ይነታረኩ ነበር፣ ስራው ቆመ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በሌላ ኩባንያ እንደገና ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እንግዲህ ለአመታት የሀዲዱ መጨረሻ ድሬ ነበረች ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሎኮሞቲቩ የሚጠገንበት፣ ፉርጎው የሚታደስበት፣ መለዋወጫው የሚቀመጥበት ቦታ የግድ ይኖራል። ከተማዋ ከባቡሩ ጋር ነው የተወለደችው።

አዋሽ_ማዶ

ከላይ ባለው ላይ ትንሽ ልጨምር፣ መጨረሻ ስለነበረች ብቻ አይደለም። የድሮው መስመር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ከጅቡቲ ድሬ 310 አካባቢ ነው፣ ጅቡቲ ባህር ጠርዝ ላይ ናት ድሬ ግን 1200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ እንደገና ወደ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። ሀዲዱ ጠባብ ነው፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል 1 ሜትር፣ ኩርባው ብዙ ነው። ኩርባ ጎማ ይበላል፣ ቁልቁለት ፍሬን ይበላል፣ ዳገት ሞተር ይበላል። ባቡሩ ከሁለቱም ወገን ደክሞ የሚደርሰው ድሬ ነው። አዲስ አበባ መጨረሻው ሆኖም እኮ ትልቁ ወርክሾፕ ወደዚያ አልሄደም፣ እዚያው ድሬ ነው የቀረው።

ቶርኒስቱ

የኔ ልጅ የጻፍከውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ እዚያ ግቢ በ1962 ነው የገባሁት በለማጅነት፣ የወጣሁት በጡረታ ነው፣ ስራዬ ቶርኖ ነው፣ ብረት እያዞረ የሚቆርጠው ማሽን ማለት ነው። አያትህ የእንፋሎት ባቡሩ ዘመን ሊያልቅ ሲል የሰሩ ሰው ናቸው፣ እኔ እንፋሎቱን በስራ አልደረስኩበትም ግን ያስተማሩኝ ሁሉ የእንፋሎት ሰዎች ነበሩ። ቃላቱን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ ቀስ ብዬ ልጻፍልህ ስልክ ላይ ነው የምጽፈው።

ባንዳጅ የጎማው ብረት ነው። የባቡር ጎማ ድሮ አንድ ወጥ አልነበረም፣ መሀሉ ሌላ ነው፣ ከላይ ሀዲዱን የሚነካው ወፍራም የብረት ቀለበት ሌላ ነው፣ ቀለበቱን ነው ባንዳጅ የሚሉት ፈረንሳዮቹ። የሚያልቀው እሱ ነው። ሲያልቅ መሀሉን አትጥልም ቀለበቱን ብቻ ትቀይራለህ። እንዴት ይገባል መሰለህ፣ ቀለበቱን ውስጡን ስትቆርጠው ከመሀሉ በትንሹ አጥብበህ ነው፣ ለ1 ሜትር ስፋት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ በብርዱ በመዶሻም በምንም አይገባም። ከዚያ ዙሪያውን በእሳት ታሞቀዋለህ፣ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ጎማውን በክሬን አንስተህ ውስጡ ታወርደዋለህ፣ ዝም ብለህ እንዲቀዘቅዝ ትተወዋለህ፣ ውሃ የለም፣ ችኮላ የለም። ሲቀዘቅዝ ይጨብጠዋል። ቀዝቅዞ ያዘ ማለት ያ ነው። ብዙ ካሞቅከው ብረቱ ይበላሻል፣ ትንሽ ካሞቅከው ግማሽ ገብቶ ይቀራል፣ ግማሽ ገብቶ የቀረ ባንዳጅ ማለት ቆርጦ መጣል ነው። ስለዚህ እሳቱን የሚያየው ሰው አይኑ መለኪያ ነበር።

ደወል ደግሞ ቤተክርስቲያን አይደለም። ባቡር ሲቆም አንድ ሰው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ ጎማ በጎማ እየመታ ይሄዳል። ደህና ጎማ ይጮሃል፣ ጥርት ያለ ድምጽ ይሰጣል እንደ ደወል። ስንጥቅ ካለው ወይም ባንዳጁ ከላላ ደፍ ብሎ ይቀራል፣ እንጨት የመታህ ይመስላል። አራተኛው ደወል አልሰጠም ማለት አራተኛው ጎማ ታሟል ስለዚህ አይወጣም ተብሎ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ ማለት ነው። ያቺ አንዲት መስመር የስንት ሰው ነፍስ እንደሆነች አስበው።

ሬጉል ነጭ ብረት ነው፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ትንሽ መዳብ የተቀላቀለበት። ዛሬ ኩሽኔታ ኳስ ወይም ሮለር ነው ያለው፣ ድሮ ግን አክሱ፣ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ ማለት ነው፣ የሚዞረው በነሀስ ዛጎል ውስጥ ነው፣ ዛጎሉ ውስጡ ሬጉል ተቀብቷል። ለስላሳ ነው። ዘይት ከጠፋ መጀመሪያ የሚቀልጠው ሬጉሉ ነው፣ አክሱ ይተርፋል፣ ስለዚህ የተሰራው ቀድሞ እንዲጎዳ ነው። የቀለጠውን እናጸዳና አዲስ እናፈስበታለን። ሙቀቱን ስናውቅ ደረቅ እንጨት ነክረን ነው፣ እንጨቱ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ከጠቆረና ከጨሰ በዝቷል። ከፈሰሰ በኋላ በቶርኖ ይከፈታል፣ ከዚያ በእጅ በመፋቂያ ይላጫል፣ አክሱን ሰማያዊ ቀለም ቀብተህ ታስቀምጠዋለህ፣ ቀለሙ የነካበትን ቦታ ብቻ ትልጣለህ፣ እንደገና ታስቀምጣለህ፣ እንደገና ትልጣለህ፣ ሙሉ ቀን አንድ ዛጎል ላይ። ነገ ይላጫል ያሉት ለዚህ ነው፣ በዚያው ቀን አይጀመርም።

ቱብ የቦይለሩ፣ ውሃው እንፋሎት የሚሆንበት በርሜል፣ ቱቦ ነው። ደክሞኛል ነገ እቀጥላለሁ ሻርቦኑንም እነግርሃለሁ እሱ ትንሽ ታሪክ አለው።

የከዚራ_ልጅ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምን እንደምል አላውቅም። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ደወሉ ጋ ስደርስ ማልቀስ ጀመረች። ትንሽ ልጅ እያለች አባቷ ቤት ውስጥ ብርጭቆ በጣታቸው እየመቱ ይሄኛው ደህና ነው ይሄኛው ተሰንጥቋል ይሏት ነበር አለችኝ፣ ጨዋታ ይመስላት ነበር።

የባቡር_ሰፈር_ልጅ

እኔም የሸመንደፈር ልጅ ነኝ፣ አባቴ ፉርጎ ክፍል አናጢ ነበር። አናጢ ስላችሁ እንዳይገርማችሁ፣ የድሮ ፉርጎና የመንገደኛ ጋሪ ወለሉም ወንበሩም በሩም እንጨት ነበረው፣ ስለዚህ አናጢም ቀለም ቀቢም የወንበር ሰፊም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። እኔ ስለ ብረቱ አላውቅም ስለ ቤቱ ግን ልናገር። ድሬ ሙቀት ናት፣ ስራ በጠዋት ነው የሚገባው፣ ቀትር ላይ ቤት መጥተው በልተው ይተኛሉ ከሰአት ይመለሳሉ፣ ስለዚህ እኛ ልጆቹ ቀትር ላይ ድምጽ አናሰማም። የአባቴን የስራ ልብስ እናቴ ከኛ ልብስ ጋር አታጥበውም፣ ለብቻው ጋዝ ነክራ ካሳደረች በኋላ ነው የምታጥበው። ቋንቋውስ፣ አባቴ ትምህርት ቤት ብዙ አልሄደም ግን ፈረንሳይኛ ይናገር ነበር፣ ኦሮምኛና ሶማልኛም፣ ምክንያቱም አብሮት የሚሰራው ሰው እንደዚያ ነው፣ ግሪክም አርመንም ጣሊያንም የመንም ነበረበት። መሳሪያውን በፈረንሳይኛ ይጠራል፣ ይቆጣል በኦሮምኛ፣ ቤት ሲገባ አማርኛ። ስለዚህ ደብተሩ እንደዚያ መሆኑ ለኔ ምንም አይገርመኝም፣ እንዲያውም ያደግኩበት ቋንቋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ማህበር ማለት እኛ ሰፈር አዲስ ነገር አልነበረም። የሰራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን በህግ የታወቀው በ1955 ነው፣ የባቡር ሰዎች ግን ከዚያ በፊት መረዳጃ ነበራቸው፣ ሰው ሲታመም ሲሞት ከደሞዝ ላይ የሚዋጣ። ደብተሩ ላይ እንደሱ አይነት መዋጮ ካገኘህ ጻፍልን፣ ለኔ ከባንዳጁ እኩል ነው።

25ኪሎቮልት

እኔ ሜካኒካል ኢንጂነር ነኝ፣ አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው የምሰራው። ይሄን ትሬድ ምሳ ሰአት ላይ ከፍቼ ምሳዬ ቀዘቀዘ። ጋሼ ቶርኒስቱ የጻፉት እኛ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርፈረንስ ፊት ብለን በፎርሙላ የተማርነው ነው፣ ግን እሳቱን በአይን አይቶ ማወቅን የሚያስተምር ኮርስ የለም። እኛ ጋ ጎማው አንድ ወጥ ነው ባንዳጅ የለውም፣ ስንጥቅ የምንፈልገው በአልትራሳውንድ ነው። ሆኖም መሰረቱ ያው ነው፣ ብረቱ ውስጥ ድምጽ ትልካለህ ድምጹ ምን ሆኖ እንደተመለሰ ትሰማለህ፣ ያው መዶሻው ነው።

ጥያቄ አለኝ ጋሼ፣ የጎማውን ቅርጽ በምን ነበር የምትለኩት? የጎማው ፊት ጠፍጣፋ እንዳልሆነ ለማያውቁ ልንገር፣ በትንሹ ወደ ውጭ እየሾጠጠ ነው የሚሄደው፣ ጥንዱ ጎማዎች በአንድ አክስ ላይ የተጣበቁ ስለሆኑ ኩርባ ላይ የውጭው በሰፊው ዙሪያው የውስጡ በጠባቡ ዙሪያው ይረግጣል፣ ባቡሩ በዚያ ነው የሚጠመዘዘው። ያ ቅርጽ ካለቀ ባቡሩ መዋለል ይጀምራል። እኛ በሌዘር ነው የምንለካው፣ ጎማ የሚያስተካክለው ማሽንም ከወለል ስር ነው ያለው ጎማው ሳይወልቅ ይቆርጠዋል።

ቶርኒስቱ

ደህና አደራችሁ። የኔ ልጅ ኢንጂነሩ፣ የምንለካው በቆርቆሮ ነው። በጎማው ቅርጽ የተቆረጠ ስስ የብረት ወረቀት ነው፣ ጎማው ላይ ታስጠጋዋለህ፣ ከኋላው መብራት ታደርጋለህ፣ ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ገና ነው፣ ብርሃን እስኪጠፋ ትቆርጣለህ። ቶርኖው ግን ትልቅ ነው፣ ጥንድ ጎማ ከነአክሱ ተነስቶ ነው የሚገባው፣ ሁለቱም ጎማ በአንዴ ይቆረጣል ምክንያቱም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ላይ ስንጥቅ ወይ ጠባሳ አግኝተህ 3 ሚሊ ብትወርድ ደህናውንም 3 ትወርዳለህ፣ ደህና ብረት መቁረጥ ያሳዝናል ግን ግድ ነው።

ወደ ቱቡ ልመለስ። ቦይለር ውስጥ እሳቱ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል ውሃው በውጭ ይከባቸዋል። የቆላው ውሃ ጨውና ኖራ አለው፣ ውሃው ተኖ ሲሄድ ኖራው ቱቦው ላይ ይጋገራል ልክ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምታየው ነጭ ነገር። የተጋገረው ነገር ሙቀት አያሳልፍም፣ ውሃው ቱቦውን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፣ ብረቱ ይቃጠላል፣ ጫፉ ይላላል፣ ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ቦይለሩ በየጊዜው ቀዝቅዞ ይታጠባል፣ የተበላው ቱብ ተነቅሎ ይተካል፣ መተኪያ ከጠፋ ሁለቱም ጫፍ በመሰኪያ ይደፈናል፣ ሎኮሞቲቩ በቀሩት ቱቦዎች ይሄዳል። 9 ተተካ 2 ተደፈነ ያሉት የነበራቸው ቱቦ 9 ነበር ማለት ነው። ጊዜውም ጣሊያን ከወጣ 10 አመት ገደማ ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ከፈረንሳይ እቃ እስኪመጣ ባቡሩ አይጠብቅም። ዱጆን የሚል ቃል ደብተሩ ላይ ፈልግ፣ ቱቦውን ጫፉን ከውስጥ እያሰፋ ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው መሳሪያ ነው። የቦይለር ሰዎች በየትም አገር ጆሮአቸው ይደክማል፣ እኔን ያስተማሩኝ ሁሉ ጮክ ብለው ነበር የሚያወሩት።

አሁን ሻርቦን። ሻርቦን በፈረንሳይኛ ከሰል ነው። ግን ገጹን እይልኝ፣ መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ?

የከዚራ_ልጅ

ጋሼ መጨረሻ ላይ ነው፣ 1949 ጀምሮ ነው የሚመጣው፣ ከዚያ በፊት አንድም ቦታ የለም። ዱጆን አለ! «ዱጆን ተሰበረ፣ እኛው ሰራነው» ይላል 1944 ላይ። ቱብ ግን 1948 በኋላ አንድም ቦታ አላገኘሁትም።

ቶርኒስቱ

በቃ እንደጠረጠርኩት ነው። ከሰል በ8 አይቆጠርም። ያ ሻርቦን የሞተር ካርቦን ነው፣ ብሩሽ የሚሉት። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መግባት ጀመሩ፣ ከነሱም አልስቶም የሚባሉት የፈረንሳዮቹ አሉ፣ እነሱ ናፍጣ ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አይነዳም፣ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ መብራት ይሰጣል፣ መብራቱ ከስር አክሱ ላይ ያሉትን ሞተሮች ያዞራል። ሞተሩ ሲዞር መብራቱን የሚያቀብለው ትንሽ የካርቦን ቁራጭ ነው፣ እየተፋቀ ያልቃል፣ ይቀየራል። እንግዲህ አያትህ ቦይለር ቱቦ ሲነቅሉ የነበሩት ሰውዬ በዚያው እጃቸው፣ በዚያው ደብተር፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ተሻግረዋል። ትምህርት ቤት ማን አስገባቸው፣ እዚያው ነው የተማሩት፣ ሎኮሞቲቩ ሲፈታ አጠገቡ ቆመው። ብዙ የእንፋሎት ሰው በዚያን ጊዜ ናፍጣውን አልነካም ብሎ ፉርጎ ክፍል ሄዷል ብለው ነግረውኛል ያስተማሩኝ ሰዎች። አያትህ ግን ነክተዋል።

25ኪሎቮልት

ይሄ አሁን ቆሜ እንዳነብ ያደረገኝ ነው። እኛ አሁን ያሉን ጎማ የሚያዞሩት (ትራክሽን) ሞተሮች ብሩሽ የላቸውም፣ ሶስት ፌዝ ኤሲ ናቸው፣ ስለዚህ ሻርቦን ከሞተሩ ወጥቷል። አንድ ቦታ ግን ቀርቷል፣ ሎኮሞቲቩ ጣሪያ ላይ ፓንቶግራፉ፣ ከላይ ካለው ሽቦ መብራት የሚወስደው ክንድ፣ ከሽቦው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ካርቦን ነው፣ እየተፋቀ ያልቃል፣ ውፍረቱን እየለካን እንቀይረዋለን። ትናንት ራሴ ቀይሬ ፎርም ላይ ፈርሜያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከኦፊሴላዊው ፎርም ሌላ የራሴን ደብተር ልይዝ ነው፣ ለምን እንደተቀየረ ምን እንዳየሁ የምጽፍበት፣ ፎርሙ ላይ ለዚያ ቦታ የለውም።

ሀዲድና_ታሪክ

ቶርኒስቱ ጋሼ አንድ ልጠይቅዎት፣ መስመሩ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ መከራ አይቷል፣ የሶማሌ ጦርነት ጊዜ ድልድይ ፈርሷል፣ በ1977 ጥር አዋሽ ላይ ባቡሩ ኩርባውን በፍጥነት ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እድሜው የገፋ ሎኮሞቲቭ። ያ ሁሉ ሲሆን መለዋወጫ እንዴት ነበር የሚገኘው?

ቶርኒስቱ

ስለ አዋሹ ብዙ አልናገርም፣ የሞቱት ውስጥ የማውቃቸው አሉ።

መለዋወጫ ከመጣ በካታሎግ ነው፣ ካልመጣ እኛው እንሰራዋለን። ግቢው ውስጥ ማቅለጫ አለ፣ አንጥረኛ አለ፣ ሞዴል የሚሰራ አናጢ አለ፣ ቶርኖ አለ። የፍሬን ጫማ፣ ጎማውን ተጭኖ የሚያቆመው ብረት፣ ለምሳሌ፣ ከቁልቁለቱ የተነሳ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ አናጢው በእንጨት ቅርጹን ይሰራል፣ አሸዋ ውስጥ ይታተማል፣ የቀለጠ ብረት ይፈሳል። እንጨቱ ከሚፈለገው በትንሹ ከፍ ተደርጎ ነው የሚሰራው ምክንያቱም ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ስለዚህ አናጢው የሚለካበት ሜትር ራሱ ከተራ ሜትር የረዘመ ነው። እቺ የባቡር ሰፈር ልጅ አባቷ ይሄን ያውቃሉ። አንድ ሎኮሞቲቭ እንዲሄድ ሌላው ቆሞ ይፈታል፣ የሁለት ሞተር ብረት አንድ ላይ ይገጠማል፣ አይገጥምም ከተባለ ይላጫል ይሞላል በብየዳ እንደገና ይቆረጣል።

የባቡር_ሰፈር_ልጅ

ሜትሩ! ጋሼ እኛ ቤት አለ እኮ! አባቴ ያስቀመጠው የእንጨት ሜትር አለ፣ ወንድሜ በሱ ለክቶ በር ሲያሰራ በሩ ትልቅ ሆኖበት ሜትሩ የተበላሸ ነው ብለን ነበር። ዛሬ ነው ምክንያቱን ያወቅኩት። እናቴ ጋ ደውዬ እንዳይጣል ነግሬያታለሁ።

የከዚራ_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሙሉ ደብተሩን ነገ ጠዋት በብርሃን ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ገጹ ስለሚቀደድ በጥንቃቄ ነው። መዋጮ ለተባለው፣ አለ፣ ጀርባው ሽፋን ላይ የሰዎች ዝርዝርና ከጎኑ 0.50 0.50 እያለ የሚሄድ ነገር አለ፣ ለብቻው እልካለሁ። ጋሼ አንድ ቃል ብቻ ቀረኝ። «ካላጅ» ይላል፣ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ከጎኑ ቁጥር አለው። አንዱ ጋ 45 ይላል፣ አንዱ ጋ 48። ከስሩ ሁለት ፊርማ አለ።

ቶርኒስቱ

ካላጅ ጎማ በአክስ ላይ መግጠም ነው፣ በውሃ ፕሬስ እየተገፋ ነው የሚገባው። ቁጥሩ ቶን ነው። ጉልበቱ ከሚገባው በታች ሆኖ ጎማው ከገባ ልል ነው ተብሎ ይወጣል፣ ከመጠን በላይ ከፈለገም እንደዚያው። ለዚያ ነው ሁለት ሰው የሚፈርምበት፣ አንዱ ፕሬሱን የያዘው አንዱ መለኪያውን ያነበበው።

የአያትህን ፊርማ እናትህ ታውቀዋለች። ሁለተኛውን አጉልተህ አንሳና በመጀመሪያ እሱን ላክልኝ።